ለገና ሰሞን የሚሆን አጭር ልቦለድ ጠቁሙኝ፣ የሚያስለቅስም ቢሆን

ገጽ አጣፊዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ርዕሱ ላይ ያለው ነው፣ ግን ትንሽ ላብራራ።

በየዓመቱ የበዓል እረፍት ሲቃረብ አንድ ወፍራም ልቦለድ እመርጣለሁ። «ዘንድሮስ አያመልጠኝም» ብዬ ነው የምጀምረው። ከዚያ እንግዳ ይመጣል፣ ልጆች ይንጫጫሉ፣ ስልክ ይጮኻል፣ አንዱ መጥቶ «ኧረ ተይውና ነይ እንጫወት» ይለኛል። አርባ ገጽ ሳልዘልቅ እዘጋዋለሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ስከፍተው ማን የማን ልጅ እንደሆነ ጠፍቶብኛል። ወደ ኋላ ተመልሼ ላንብብ ስል ደግሞ ሰው ይጠራኛል። እንዲህ እንዲህ እያለ እረፍቱ ያልቃል።

አምና ግን ቤቱ ሁሉ ተኝቶ እኔን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ አንድ አጭር ልቦለድ ከፈትኩ። የኦ. ሄንሪ «የሰብአ ሰገል ስጦታ» ነው። ዴላ የምትባል ወጣት ሚስት አለች። እጇ ላይ ያለው 1 ዶላር ከ87 ሳንቲም ብቻ ነው፣ ነገ ገና ነው፣ ለባሏ ለጂም ደግሞ የሚገባውን ስጦታ መግዛት ትፈልጋለች። ገንዘቡን ሦስት ጊዜ ትቆጥረዋለች። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ያላነበበ አይጠፋም። ሩብ ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው። ጨርሼ ስልኩን አጥፍቼ ጨለማው ውስጥ ብዙ ቆየሁ። የበዓል ሰሞን ጊዜዬ ሁሌም የተቆራረጠ ነው፣ ለተቆራረጠ ጊዜ የሚስማማ ጽሑፍ ግን ፈልጌ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ በየምሽቱ አንድ አንድ አጭር ልቦለድ ላነብ ወስኛለሁ። ሰሞኑን ሰሞኑን የሚሸት ነገር ነው የምፈልገው። ብርዱ፣ ረዥሙ ሌሊት፣ የሰው መሰባሰብ ያለበት። ሁሉም ማር ማር የሚል ግን አይሁንብኝ። አንዳንዱን ደግሞ ለቤተሰቡ ጮክ ብዬ ማንበብ አስቤያለሁ። ከስምንት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ጀምሮ እስከ እናቴ ድረስ ሁሉም አሉ። ምን ትሉኛላችሁ?

የሌሊት ፈረቃ፦

እህቴ፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሳይ ደስ ይለኛል። መልሴ ግን ካሰብሽው ወጣ ያለ ሊሆን ይችላል። እኔ የምመክርሽ አስፈሪ ታሪክ ነው።

«በገና?» እንዳትዪ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የገና ምሽት ታሪክና የሙት መንፈስ ታሪክ አይነጣጠሉም ነበር። ነገሩን ካሰብሽው ግልጽ ነው። ሌሊቱ ይረዝማል፣ ብርዱ ሰውን ሁሉ እሳት ዳር ይሰበስባል፣ ከእሳቱ ጀርባ ያለው የክፍሉ ግማሽ ጨለማ ነው። እዚያ ቁጭ ብሎ የማይፈራ ማን አለ? ቻርልስ ዲክንስ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። «የገና መዝሙር» የወጣው ታኅሣሥ 19 ቀን 1843 ነው (ቀናቱንም ዓመቶቹንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ የመጀመሪያው እትም 6,000 ቅጂ ነበር፣ ገና ሳይደርስ ተሽጦ አለቀ። ስግብግቡ ስክሩጅና መናፍስቱ የዚያ ናቸው። አጭር ልቦለድ ለመባል ትንሽ ይረዝማል፣ ነገር ግን አምስት ክፍል ስለሆነ ለአምስት ምሽት ልክ ይመጣል።

እኔ ግን የሱን ሌላ ሥራ ነው የማስቀድመው። ዲክንስ መጽሔት ያዘጋጅ ነበርና በየዓመቱ ለገና ልዩ እትም ያወጣል። በ1866ቱ እትም ውስጥ «የባቡር ምልክት ሰጪው» የሚል ታሪክ አለው። በታሪኩ ውስጥ ገና የለም። በረዶ የለም፣ ስጦታም የለም። አንድ ሰው አለ፤ በጥልቅ ተቆርጦ በወረደ ገደል ውስጥ፣ የባቡር ዋሻ አፍ ላይ፣ ብቻውን ቀይ መብራት እየጠበቀ ይውላል ያድራል። ከዋሻው አፍ አንድ ምስል ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ ያየዋል። ካየው በኋላ ሁልጊዜ አደጋ ይመጣል። አሁን እንደገና እየታየው ነው፤ ምን እንደሚመጣ አያውቅም፣ ማንን እንደሚያስጠነቅቅም አያውቅም። የሚያስፈራው መንፈሱ አይደለም። ሰውየው ሥራውን በትክክል እየሠራ ምንም ማድረግ አለመቻሉ ነው።

ይህን ታሪክ ከጻፈው ሰው ሕይወት ነጥሎ ማንበብ ይከብደኛል። ዲክንስ ራሱ ሰኔ 9 ቀን 1865 እንግሊዝ ውስጥ ስቴፕልኸርስት አጠገብ ድልድይ ላይ ሐዲዱን በሳተ ባቡር ውስጥ ተሳፍሮ ነበር። አሥር ሰው ሞተ። እሱ ተርፎ ወደ ቁስለኞቹ ወርዶ ውኃ ሲያጠጣ፣ ሲያስታምም ነበር። ታሪኩን የጻፈው በዓመት ተኩል ውስጥ ነው። የሞተውም ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሰኔ 9 ቀን 1870 ነው።

ከሱ ቀጥሎ ኤም. አር. ጄምስ። የካምብሪጅ ምሁር ነበር፣ በኪንግስ ኮሌጅ። ለገና ለወዳጆቹ የሚያነበው አዲስ የሙት መንፈስ ታሪክ ይጽፍ ነበር። ወዳጆቹ ተሰብስበው ሲጠብቁ ወረቀቱን ይዞ ይገባል፣ ሻማዎቹን ሁሉ አጥፍቶ አንዷን ብቻ ይተዋል፣ በሷ ብርሃን ያነባል። የመጀመሪያው ስብስቡ የታተመው በ1904 ነው። የሱ ፍርሃት ትንንሽ ነው። በአንዱ ታሪኩ የሚያስፈራው ነገር ባዶ አልጋ ላይ ያለ አንሶላ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ የራስሽን ክፍል ትርፍ አልጋ ሳታዪ አትተኚም።

ባለ መነጽሩ፦

የሌሊት ፈረቃ ትክክል ነው፣ ግን እባክሽ ለስምንት ዓመቱ ልጅ አንሶላውን አታንብቢለት። በኋላ የምታድሪው አንቺ ነሽ አብረሽው።

ልጆች ላሉበት ቤት አንድ ብቻ ልጠቁም። የኮናን ዶይል «ሰማያዊው ዕንቁ»፣ በጥር 1892 በስትራንድ መጽሔት የወጣ የመርማሪው የሼርሎክ ሆምስ ታሪክ። ከገና በኋላ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። መንገድ ላይ የወደቀ አሮጌ ኮፍያና አንድ ዝይ ይገኛሉ፣ ዝይዋ ስትከፈት የተሰረቀ ዕንቁ ይወጣል። ግድያ የለም። መጨረሻው ላይ ሆምስ ሌባውን የሚያደርገውን ስታዪ ታሪኩ ለምን የገና እንደሆነ ይገባሻል።

እኔ እንዴት እንደማነበው ልንገርሽ። ሆምስ ኮፍያውን እያገላበጠ ስለ ባለቤቱ መናገር ሊጀምር ሲል አቆማለሁ። የራሴን አሮጌ ኮፍያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። «እስቲ የዚህ ባለቤት ምን ዓይነት ሰው ነው?» እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ትንሿ ልጄ ውስጡን አሽትታ፣ ጠርዙ ላይ ያለውን የላብ መስመር በጣቷ ተከትላ፣ «ሲሮጥ የዋለ ሰው ነው፣ ቸኩሎ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ የሆምስን ግምት ሲሰሙ ፉክክር ሆነ። ሌሊቱን ሙሉ ኮፍያ፣ ጫማ፣ ቦርሳ ሲመረምሩ አመሹ።

ደብዳቤ ወዳጅ፦

እንግሊዞቹን ብቻ አንሥታችሁ ሩሲያውያኑን ልታልፏቸው ነው? እነሱ ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ራሱን የቻለ ስም አላቸው፤ ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ምሽቶች የሚነበብ ታሪክ። ሌስኮቭ በ1885 በጻፈው «የዕንቁ ሐብል» መግቢያ ላይ ሕጉን ሳይቀር አስቀምጦታል። ታሪኩ የግድ ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ውስጥ መሆን አለበት፣ ትንሽ ተአምር ነገር ይኑረው፣ የሆነ ትምህርት ይኑረው፣ ሲያልቅ ደግሞ በደስታ ይለቅ። ሕጉን ካወቃችሁ በኋላ ማን እንደጠበቀው፣ ማን እንደጣሰው እያያችሁ ማንበብ በጣም ደስ ይላል።

የጣሰውን ነው እኔ የምወደው። ቼኾቭ። «ቫንካ»፣ በ1886 የገና ዕለት ጋዜጣ ላይ የወጣ። ጥቂት ገጽ ናት።

ቫንካ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ከሦስት ወር በፊት ሞስኮ ለአንድ ጫማ ሰፊ ተሰጥቶ ሙያ እንዲማር ተብሏል። የገና ሌሊት ጌታውና እመቤቱ ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ይጠብቅና የቀለም ጠርሙስና ጫፉ የዛገ ብዕር አውጥቶ፣ የተጨማደደ ወረቀት አግዳሚ ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ ተንበርክኮ ለአያቱ ይጽፋል። እንዴት እንደሚመታ ይጽፋል። ሕፃኑን እያወዛወዘ እንቅልፍ ስለወሰደው ነው የተመታው። «መጥተህ ውሰደኝ» ነው የደብዳቤው ነገር በአጭሩ። በመሃሉ ግን ብዕሩን ያቆምና አያቱን ያስባል፤ የአያቱን ውሾች፣ ከአያቱ ጋር ለጌቶቹ የገና ዛፍ ሊቆርጡ ጫካ የሄዱበትን ቀን።

ደብዳቤውን አጥፎ ፖስታ ውስጥ ይከተዋል። አድራሻ ሲጽፍ «ለአያቴ፣ መንደር» ይላል። ራሱን ያክና ያስባል። ከዚያ የአያቱን ስም ይጨምራል፤ ኮንስታንቲን ማካሪች። በቃ። ካፖርት እንኳ ሳይደርብ በሸሚዙ ሮጦ ፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ይጨምረዋል።

ይህን ለአባቴ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለስኩ ጮክ ብዬ አንብቤለት ነበር። አባቴ ልቦለድ የሚባል ነገር አይወድም፣ «የፈጠራ ወሬ» ነው የሚለው። መነጽሩን አውልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማኝ፣ የተኛ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። አድራሻው ላይ ስደርስ እጁን አነሣ፣ ቁሚ እንደማለት። ዝም አለ። «እና ማንም አልነገረውም?» አለኝ። «ሙሉ አድራሻ እንደሚያስፈልግ ማንም አልነገረውም?» ከዚያ በኋላ ገና በመጣ ቁጥር «ያን ልጅ አንብቢልኝ» ይለኛል። ልቦለድ ነው ብሎት አያውቅም።

ሻማ፦

ቆይ ግን፣ ሰው በዓል ሲሆን መደሰት አይገባውም? ሁላችሁም የምትጠቁሙት ወይ የሚያስፈራ ወይ አንጀት የሚበላ ነው። የክብሪት ሻጯን ልጅ በልጅነቴ ገና ማታ አንብበውልኝ፣ ብርድ ላይ ስትሞት ሰምቼ፣ ሌሊቱን ሙሉ አልቅሻለሁ። እስከዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። ገጽ አጣፊዋ፣ እናትሽ አብራ ካለች የሚያስቅ ነገር አንብቢላት። ሰው የራሱ ሐዘን ይበቃዋል።

ዝምተኛዋ፦

ብዙ ጊዜ እዚህ አልጽፍም፣ አነባለሁ ብቻ። ሻማ የጻፈው ነገር ነው ያስነሣኝ። ዘንድሮ ያለ አባቴ የምናሳልፈው የመጀመሪያው በዓል ነው። የሚያስቁትን ሞክሬ ነበር። ሁለት ገጽ አልፌ አልሄድኩም፣ ከውጭ ሆኜ የሰው ሠርግ የማይ መሰለኝ። የሚያስለቅሰውንም እፈራለሁ። ከሁለቱ መሃል የሆነ ነገር ካለ እኔም ጠያቂ ሆኛለሁ።

ዘግይቶ ደራሹ፦

ዝምተኛዋ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። መጀመሪያ ላንቺ ልመልስ።

ጄምስ ጆይስ በ1914 ባወጣው «ዱብሊናውያን» ስብስብ መጨረሻ ላይ «ሙታን» የሚል ታሪክ አለው። ስሙ አያስደንግጥሽ። አብዛኛው ግብዣ ነው። ሁለት አረጋውያን እህትማማቾች በየዓመቱ በገና ሰሞን ሰው ይጠራሉ፤ ይጨፈራል፣ ፒያኖ ይመታል፣ ዝይ ይቆረጣል፣ የእህታቸው ልጅ ገብርኤል ንግግር ያደርጋል፣ ንግግሩ እንዳይበላሽበት ሲጨነቅ ያመሻል። ሰው ሊበተን ሲል አንድ ሰው ፎቅ ላይ ሆኖ የድሮ ዘፈን ያንጎራጉራል። የገብርኤል ሚስት ደረጃው ላይ ቆማ ትሰማለች። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ያለውን አልነግርሽም። ማንም ማንንም አያጽናናም እዚያ ውስጥ፣ «አይዞሽ ያልፋል» የሚል የለም። በረዶው ግን ይወርዳል፤ በሕያዋኑም ላይ በሙታኑም ላይ። የሞተ ሰው በዓል ላይ ቦታ እንዳለው፣ ሰው ሁሉ እየሳቀ ሳለ አንድ ሰው በልቡ ሌላ ሰው ይዞ መቆሙ ነውር እንዳልሆነ እኔ ከዚያ ታሪክ ነው የተረዳሁት። ወንድሜ ባረፈ ዓመት ነበር ያነበብኩት። ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ስለዚህ ብቻሽን የምትሆኚበትን ምሽት ምረጪ፣ ጮክ ብሎ ለሰው የሚነበብ አይደለም።

ሻማ፣ በአንድ ነገር ላርምህ፣ በአንድ ነገር ደግሞ እስማማለሁ። የአንደርሰን የክብሪት ሻጯ ልጅ (1845) የገና ማታ ታሪክ አይደለም። ሌሊቱ የአውሮፓውያኑ ዓመት የመጨረሻው ሌሊት ነው። ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ምክንያቱም አንዷን ክብሪት ስትጭር የገና ዛፍ ይታያታል። የምስማማበት ነገር ደግሞ፣ ለትንሽ ልጅ ሳያዘጋጁ ማንበቡ ልክ አልነበረም። ልጅ ታሪኩ ሲያልቅ የሚያቅፈው ሰው አጠገቡ ያስፈልገዋል።

የአንደርሰን ሌላ አለ፣ «የጥድ ዛፍ»። ጫካ ውስጥ ያለ ትንሽ ጥድ ነው፣ መቼ አድጌ፣ መቼ ተቆርጬ እያለ ዛሬውን ሳያየው የሚያልፍ። ተቆርጦ አንድ ምሽት ብቻ በሻማ ያጌጣል፣ በማግስቱ ጨለማ ቆጥ ላይ ይጣላል። እዚያ አይጦች መጥተው ተረት ንገረን ይሉታል። የሚያውቀው አንድ ተረት ነው፤ በዚያች ምሽት ለልጆቹ ሲነገር የሰማው። እሱኑ ይነግራቸዋል። ትንንሾቹ ደስ ይላቸዋል፣ ትልልቆቹ አይጦች ሲመጡ ግን «ሌላ አታውቅም?» ብለው ንቀውት ይሄዳሉ። ያቺን አንዲት ተረት ይዞ ቆጥ ላይ የተጋደመውን ዛፍ ከራሴ አላወጣውም። መጨረሻው ያሳዝናል፣ ነገር ግን ልጅ የሚችለው ዓይነት ሐዘን ነው።

ባለ መነጽሩ፦

ጮክ ብሎ ስለማንበብ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር፣ ማንም አላነሣውምና።

ቀድመሽ ብቻሽን አንብቢው፣ በድምፅ። ዓይን የሚያልፈውን ምላስ ይደናቀፍበታል። እየተረጎምሽ የምታነቢ ከሆነማ የግድ ነው። የሰዎቹን ስም ለይተሽ ያዢ፣ በአንድ ምሽት ከአራት በላይ አዲስ ስም ሰሚ አይሸከምም። ረዘመ ብለሽ ካሰብሽ ቁረጪ፣ ነውር የለውም። ዲክንስ ራሱ በ1853 በርሚንግሃም ላይ «የገና መዝሙር»ን ለሕዝብ ሲያነብ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል፣ ከዚያ ወዲህ የራሱን መጽሐፍ እየቆራረጠ ነው ዓመታት ያነበበው። ደራሲው ከቆረጠ እኛ ምን አለን?

ሲያልቅ ደግሞ ቶሎ አትናገሪ። «እንዴት ነው፣ ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ ታሪኩን ይገድለዋል። መጀመሪያ የሚናገረው ሰው ከሰሚዎቹ ይሁን።

የት እናገኛለን ለምትሉ፣ የዲክንስም የኦ. ሄንሪም የአንደርሰንም ሥራዎች ደራሲዎቹ ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆናቸው በእንግሊዝኛ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ አሉ።

ገጽ አጣፊዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ዝምተኛዋን ለብቻ። ከሦስት ቀን በኋላ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ የሆነውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን ምሽት «የሰብአ ሰገል ስጦታ»ን አነበብኩ፣ ስለማውቀው ድፍረት ሰጠኝ። ወንድሜ ጥግ ይዞ ስልኩን እየነካካ ነበር። ዴላ ፀጉሯን ፈትታ መስታወት ፊት ስትቆም አውራ ጣቱ ቆመ። ጂም በሩን ከፍቶ ሲገባና ዝም ብሎ ሲያያት ስልኩን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ምንም አላልኩም፣ በተመከርኩት መሠረት። መጀመሪያ የተናገረችው እናቴ ናት። «ሁለቱም ሞኞች» አለች፣ ድምፅዋ ግን እንደ ስድብ አልነበረም።

ሁለተኛው ምሽት ኮፍያው ነበር። ባለ መነጽሩ ያልከውን አደረግን፣ ኮፍያ ስለሌለን በእናቴ ሻርፕ። ሻማ፣ ብዙ ተሳቀ፣ ላንተ ብዬ ነው የምነግርህ።

ትናንት «ቫንካ»ን አነበብኩ። ለእህቴ ልጅ እንዳይከብደው ፈርቼ አጠገቤ አስቀመጥኩት። መመታቱ ላይ ክንዴን ያዘ። አድራሻው ላይ የደብዳቤ ወዳጅ አባት ያለውን ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ እሱ ግን ምንም ሳይል ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። ያተምኩት በእንግሊዝኛ ነው፣ እሱ ገና ቃል በቃል ነው የሚያነበው። በጣቱ እየተከተለ ከመጀመሪያው ጀመረ። ምን እየፈለግህ ነው አልኩት። «የመንደሩን ስም» አለኝ። አንድ ቦታ ላይ መኖር አለበት፣ አንቺ አልፈሽው ነው አለኝ። አብረን ፈለግን። አያቱ የሚያገለግላቸው ጌቶች ስም አለ። የውሾቹ ስም አለ። የመንደሩ ስም ግን የትም የለም። እስኪተኛ ድረስ ሲፈልግ አመሸ፣ ዛሬ ጠዋትም ወረቀቱ ትራሱ ሥር ነበር።